ቤት የሚሠራ ፕሮቲን ባር፦ የትኛው አሠራር ዋጋውን ያወጣል?

ፍርዱን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ቤት የሚሠራ ፕሮቲን ባር ዋጋውን ያወጣል። ሁሉም ግን አይደለም። በየቦታው "ፕሮቲን ባር" ተብሎ የሚቀርበው አሠራር አብዛኛው ጣፋጭ ነው እንጂ የፕሮቲን ምግብ አይደለም። ኦትስ (የተዳመጠ አጃ)፣ የለውዝ ቅቤና ማር ይደባለቃል፣ ትሪ ላይ ይጠፈጠፋል፣ ይቆረጣል፣ አለቀ። ይጣፍጣል፣ እውነት ነው። ግን ከስፖርት በኋላ፣ ወይም የምግብ ሰዓት ሲያልፍ ሆድ የሚይዝ ነገር የሚፈልግ ሰው ስሙን አምኖ ቢበላው የሚያገኘው በብዛት ስኳርና ቅባት ነው።

ታዲያ በምን እንለየው? እኔ የምጠቀምበት መለኪያ ቀላል ነው። 1 ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ አለው። የባሩን ፕሮቲን በ4 አባዙና ለጠቅላላ ካሎሪው አካፍሉት። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ አንድ ምግብ "ከፍተኛ ፕሮቲን" ተብሎ እንዲሸጥ ከካሎሪው ቢያንስ 20 በመቶው ከፕሮቲን መምጣት አለበት። "የፕሮቲን ምንጭ" ለመባል ደግሞ 12 በመቶ ይበቃል። የትም ብትኖሩ መለኪያው ያገለግላል፣ ምክንያቱም ማሸጊያው ላይ በትልቁ የተጻፈውን ትቶ ውስጥ ያለውን ነው የሚያየው።

እስቲ በዚህ መለኪያ ያንን የታወቀውን አሠራር እንየው። 200 ግራም ኦትስ፣ 150 ግራም የለውዝ ቅቤ፣ 150 ግራም ማር። ኦትስ በ100 ግራም 13 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። የለውዝ ቅቤ 25 ገደማ። ማር ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ሁሉም ሲደመር 63 ግራም ፕሮቲንና ወደ 2100 ካሎሪ ይመጣል። 10 ቦታ ብትቆርጡት እያንዳንዱ ባር 6 ግራም ፕሮቲን፣ 210 ካሎሪ ይኖረዋል። ይኼ 12 በመቶ ነው። የመጨረሻዋን ዝቅተኛ መስመር ነካ አድርጎ ቆመ። ለልጆች መክሰስ፣ ለረጅም የእግር ጉዞ ጥሩ ነው፣ ጉልበት ይሰጣል፣ ርካሽም ነው። ፕሮቲን ባር ብዬ ግን አልጠራውም። ደግሞ ብዙ ሰው የለውዝ ቅቤን ዋና የፕሮቲን ምንጭ አድርጎ ያስበዋል። ግማሽ ክብደቱ ቅባት ነው፣ 100 ግራሙ ወደ 600 ካሎሪ ይጠጋል። ባሩን የሚያጣፍጠውና የሚያለሰልሰው እሱ ነው፣ ለዚህ ሥራው አከብረዋለሁ። ፕሮቲኑን ለብቻው ይሸከማል ማለት ግን ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው።

ቀጥሎ ሁሉም የሚያስበው ዌይ ፕሮቲን ነው። ዌይ ማለት አይብ ሲሠራ የሚቀረው አጓት ተጣርቶና ደርቆ ነው። እንደ ማጣሪያው ዓይነት ከ100 ግራሙ ከ75 እስከ 90 ግራም ፕሮቲን ይኖረዋል። እንዲህ ሞክሩት፦ 150 ግራም ኦትስ፣ 150 ግራም የለውዝ ቅቤ፣ 100 ግራም ዌይ፣ 50 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት፣ 120 ግራም ማር፣ ቁንጥር ጨው፣ እና ሊጡ እስኪያያዝ ድረስ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ውሃ። 10 ባር ይወጣዋል። እያንዳንዱ 15 ግራም ገደማ ፕሮቲንና 240 ካሎሪ አለው። በመለኪያችን 25 በመቶ። ይኼ በሙሉ ልብ ፕሮቲን ባር ይባላል። ጣዕሙም ጥሩ ነው፣ በተለይ ዌዩ የቫኒላ ወይም የቸኮሌት ጣዕም ካለው። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ ዌይ ውድ ነው፣ በአንድ ጊዜ አንድ ሙሉ ጣሳ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ይፈልጋል። ሁለተኛ ይደርቃል፣ በዚህ ጉዳይ ብዙ የምለው ስላለኝ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን የወደድኩት ይምጣ። የዌይ ዱቄት የማይገዛበት፣ በቅባት አልባ የዱቄት ወተት ብቻ የሚሠራ ባር። ብዙ ሰው የዱቄት ወተትን የሚያውቀው ለሻይና ለገንፎ ነው፣ ፕሮቲን ብሎ አያስበውም። ቅባቱ የወጣለት የዱቄት ወተት ግን ከ100 ግራሙ 35 ግራም ገደማው ፕሮቲን ነው። ያውም ደረጃው ከፍ ያለ ፕሮቲን፣ ሰውነት ራሱ የማይሠራቸው አሚኖ አሲዶች በሙሉ ያሉበት። የወተት ፕሮቲን 80 በመቶው ኬዚን፣ 20 በመቶው ዌይ ስለሆነ፣ ውዱን ጣሳ ሳትገዙ ሁለቱንም በአንድ ላይ አገኛችሁ ማለት ነው።

መጠኑ ይኸው፦ 200 ግራም ቅባት አልባ የዱቄት ወተት፣ 150 ግራም የለውዝ ቅቤ፣ 120 ግራም ኦትስ፣ 100 ግራም ማር፣ ትንሽ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ያህል ውሃ። አጠቃላይ ፕሮቲኑ 123 ግራም ገደማ ነው። 10 ቦታ ሲቆረጥ ለአንዱ 12 ግራም ፕሮቲን በ237 ካሎሪ። አስሉት፣ 20 በመቶን ትንሽ አለፍ ይላል። ማለትም "ከፍተኛ ፕሮቲን" ለመባል የተቀመጠውን መስመር ያለ ምንም ልዩ ዱቄት ያልፋል። ለእኔ የዚህ ግምገማ ትልቁ ነገር ይኼ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ዌይ መግዛት ስለማይችል ብቻ ነገሩ የእሱ እንዳልሆነ አድርጎ ይተወዋል።

አሠራሩ ላይ ጥንቃቄ የሚፈልጉ ቦታዎች አሉ። ኦትሱን መጀመሪያ ደረቅ መጥበሻ ላይ በለስላሳ እሳት አምሱት፣ ሽታው እስኪወጣ ድረስ። ሲበርድ ግማሹን ፍጩት፣ ግማሹን እንዳለ ተዉት። ሙሉው ከተፈጨ ባሩ እንደ ሊጥ ይሆናል፣ ሙሉው እንዳለ ከቀረ ደግሞ ይፈረፈራል። የዱቄት ወተቱን በወንፊት ንፉት። ይኼን አትዝለሉ፣ ወተቱ የመጓጎል ጠባይ አለው፣ ከተጓጎለ በኋላ ማርና ቅቤ ውስጥ መፍታት አስቸጋሪ ነው። የለውዝ ቅቤውንና ማሩን አንድ ላይ ሞቅ አድርጉ፣ እስኪቀጥን ብቻ። አታፍሉት። ማር ሲፈላ ውሃው ይተናል፣ ሲቀዘቅዝ እንደ ከረሜላ ይደነድናል፣ ባሩም ጥርስ የሚፈትን ይሆናል። ለብ ሲል ደረቁን ጨምሩበትና በእጅ እሹት። ውሃውን መጨረሻ ላይ፣ በማንኪያ በማንኪያ። ሊጡ ከምትፈልጉት ትንሽ ለስለስ ብሎ መቅረት አለበት፣ ምክንያቱም ወተቱ ሌሊቱን ሙሉ ውሃውን እየመጠጠ ያጠነክረዋል። የመጋገሪያ ወረቀት ያነጠፋችሁበት ትሪ ላይ ገልብጡት፣ ታችው ልሙጥ በሆነ ብርጭቆ አጥብቃችሁ ተጫኑት። ባር የሚፈረፈረው ብዙ ጊዜ በደንብ ስላልተጫነ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ከተቻለ አንድ ሌሊት ይረፍ። ከዚያ ነው ቢላ የሚነካው።

ጣዕሙ እንዴት ነው? ወተት ወተት ይላል፣ ደስ የሚል የካራሜል ሽታ አለው፣ ኦትሱ ከታመሰ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ከዌይ ባር ይበልጥ ማኘክ ይፈልጋል፣ ትንሽ ጥርስ ላይ ይይዛል። ይኼ የማይመቸው ሰው አለ፣ አውቃለሁ። ለእኔ ግን ቶሎ ውጦ ከመጨረስ አኝኮ መብላቱ ይሻላል፣ ያጠግባል።

አንድ ግልጽ መባል ያለበት ጉድለት አለው። የዱቄት ወተት ግማሽ ክብደቱ ላክቶስ ነው፣ የወተት ስኳር ማለት። በዚህ መጠን አንዱ ባር ውስጥ 10 ግራም ገደማ ይገባል፣ አንድ ብርጭቆ ወተት ውስጥ ካለው ብዙም አያንስም። ወተት ሆዱን የሚነፋው ሰው አንድ ሙሉ ባር በባዶ ሆዱ ቢበላ ሊሰማው ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው በደንብ የተጣራው፣ አይሶሌት የሚባለው ዌይ ይሻለዋል፣ ላክቶሱ በጣም ትንሽ ነው። ወተት ጨርሶ የማይነካ ሰው ደግሞ የአኩሪ አተር ወይም የአተር ፕሮቲን አለለት። ወተት አለርጂ ያለበት ሰው ግን ነገሩ የላክቶስ ጉዳይ አይደለም፣ ዌይም ኬዚንም አይሆንለትም።

ስለ ዕፅዋት ፕሮቲን አጭር ቃል። የአተር ፕሮቲን ዱቄት ጥሩ ነው፣ ግን ውሃ በጣም ይጠጣል። የዌዩን መጠን ግራም በግራም በእሱ ከተካችሁ ሊጡ አሸዋ ይሆናል፣ ስለዚህ ፈሳሹን ጨመር አድርጉ። የአፈር የሚመስል ጣዕሙን ኮኮዋ በደንብ ይሸፍነዋል። የአኩሪ አተር ዱቄት ርካሽ ነው፣ ቅባቱ የወጣለት ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን ነው፣ ግን ባሩ የማይጋገር ከሆነ የምትጠቀሙት ዱቄት የግድ ቀድሞ የተቆላ ወይም የበሰለ መሆን አለበት። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያደርጉ ነገሮች አሉት፣ ሙቀት ነው የሚያጠፋቸው። ጥሬ የስንዴ ዱቄትም እንደዚሁ ሳይጋገር ባር ውስጥ አይገባም፣ ባክቴሪያ ሊኖረው ይችላል። ኦትስ ግን ፋብሪካ ላይ በእንፋሎት አልፎ ስለሚዳመጥ ሳይበስል ቢበላ ችግር የለውም።

በቴምር የሚያያዘውንም ሞክሬዋለሁ። ቴምር ከማር ይልቅ ፋይበር አለው፣ ጣዕሙ ሙሉ ነው፣ ማያያዙም ጠንካራ ነው። ስኳር የለበትም እየተባለ የሚወራው ግን ልክ አይደለም። ሁለት ሦስተኛው ገደማ ስኳር ነው። ከማር የተሻለ ነው ካላችሁ እስማማለሁ፣ ስኳር አልባ ነው ካላችሁ አልስማማም። ፕሮቲኑ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ስለዚህ የቴምር ባር ዌይ ወይም የዱቄት ወተት ካልገባበት ተመልሶ ጣፋጭ ነው።

በእንቁላል ነጭ የሚጋገረው አሠራር ብዙም አልሳበኝም። ኬክ እንጂ ባር አይሆንም፣ ኪስ ውስጥ ይፈረፈራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ዌይ ተጨምሮበት ምድጃ ውስጥ ከቆየ ደግሞ ይደርቅና እንደ ጎማ ይለጠጣል። ሙቀት ፕሮቲኑን አያጠፋውም፣ ያ የተለመደ ስጋት መሠረት የለውም፣ አፍ ላይ የሚሰማውን ግን ይለውጠዋል።

አሁን ወደ ዋጋ እንምጣ፣ ርዕሱ እሱ ነውና። የጥቅል ዋጋ አታወዳድሩ። የአንድ ግራም ፕሮቲን ዋጋ አወዳድሩ። አንድ ኪሎ ቅባት አልባ የዱቄት ወተት 350 ግራም ፕሮቲን አለው። አንድ ኪሎ ዌይ 750 ወይም 800። አንድ ኪሎ የለውዝ ቅቤ 250፣ ኦትስ 130። ዋጋውን ለእነዚህ ቁጥሮች አካፍሉና የምትገዙበት ቦታ ላይ የትኛው እንደሚረክስ ወዲያው ይታያችኋል። አቋራጭ ከፈለጋችሁ፦ የአንድ ኪሎ ዌይ ዋጋ ከአንድ ኪሎ ዱቄት ወተት 2 እጥፍ በታች ከሆነ ዌዩ ነው የሚረክሰው። ከ2 እጥፍ ብዙ ካለፈ የዱቄት ወተቱን ያዙ። ሁለት እጥፍ አካባቢ ከሆነ በጣዕም ምረጡ። አንድ ነገር ብቻ፣ የዱቄት ወተቱ ማሸጊያ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። ሙሉ ቅባት ያለው ከሆነ ፕሮቲኑ ወደ 26 ግራም ይወርዳል፣ ካሎሪው ይወጣል። የአትክልት ዘይትና ስኳር ተቀላቅሎበት ወተት መስሎ የሚሸጥ ዱቄትም አለ፣ የእሱ ፕሮቲን ከዚህም በጣም ሊያንስ ይችላል።

ለዚህ ሥራ የግድ መገዛት ያለበት ዕቃ ካለ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። የባር ቅርጽ ማውጫ አያስፈልግም፣ ልዩ ማቡኪያም አያስፈልግም። ያለ ሚዛን ግን የጻፍኳቸው ቁጥሮች በሙሉ ግምት ይሆናሉ። አንድ ኩባያ የለውዝ ቅቤና አንድ ኩባያ ኦትስ በክብደት የትና የት ናቸው።

የታሸገውን ባር በተመለከተ ፍትሐዊ ልሁን። ጥሩ የሚባለው የታሸገ ባር 60 ግራም ሆኖ 20 ግራም ፕሮቲን ይይዛል፣ ካሎሪውም 200 አካባቢ ነው። በዚህ ሒሳብ ቤት የሚሠራው አይደርስበትም። እንዴት ቻሉ ስትሉ፣ ማር የሚሠራውን የማያያዝ ሥራ ማልቲቶል ለሚባሉ ዓይነት ማጣፈጫዎች፣ ለፋይበር ሽሮፕና ለግሊሰሪን (እርጥበት የሚይዝ ወፍራም ጣፋጭ ፈሳሽ) ስለሰጡት ነው። ማልቲቶል ከስኳር ያነሰ ካሎሪ አለው፣ ሲበዛ ግን ሆድ ይነፋል፣ ተቅማጥም ያመጣል። አንዳንዶቹ ደግሞ የፕሮቲን ቁጥራቸውን ከፍ የሚያደርጉት በኮላጅን ነው፣ ከእንስሳት ቆዳና አጥንት በሚወጣ ፕሮቲን። ኮላጅን ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ የለውም፣ ስለዚህ ለብቻው እንደ ሙሉ ፕሮቲን አይቆጠርም። የይዘቱን ዝርዝር ስታነቡ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ከሆነ 20 ግራም የሚለውን ቁጥር ቀነስ አድርጋችሁ እዩት። እንግዲህ ካሎሪውን በጥብቅ ለሚቆጥር ሰው ጥሩ የታሸገ ባር ቦታ አለው። ሆዱ የማይችለው፣ ወይም በየቀኑ መግዛት የማይችል ሰው ግን ቤት በሠራው ምንም አይጎዳም።

አሁን ወደ መድረቁ። ይኼ የዌይ ባር ትልቁ ጣጣ ነው። በተሠራበት ቀን ለስላሳ ነው፣ ከቀናት በኋላ ጡብ። ምክንያቱ ባሩ ክፍት ሆኖ ስለቀረ ብቻ አይደለም፣ ታሽጎም ይጠነክራል። የፕሮቲን ዱቄቱ ከማሩ ውሃ ቀስ በቀስ እየሳበ ይወስዳል፣ ፕሮቲኖቹም እርስ በርስ ይያያዛሉ። ፋብሪካዎች ግሊሰሪን የሚጨምሩት ይኼንን ለማዘግየት ነው። ቤት ውስጥ የምናደርገው ይኼ ነው። ዌዩ ከሊጡ ክብደት ከአንድ አምስተኛ አይለፍ፣ ከላይ የሰጠሁት መጠን ላይ ከዚያ በታች ነው። የለውዝ ቅቤውን ለመቀነስ አትቸኩሉ፣ ቅባቱ ፕሮቲኑ እንዳይያያዝ መሃል ገብቶ ይከላከላል። ትኩስ ማር ዌይ ላይ አታፍስሱ፣ ዌይ በሙቀት ይጓጎላል። ኬዚን ለብቻው የሚሸጠውን ከተጠቀማችሁ ከዌይ የበለጠ ውሃ ስለሚጠጣ ፈሳሹን ጨምሩ። የጠነከረውን ደግሞ አትጣሉት። ክፍል ሙቀት ላይ ትንሽ ሲቆይ ለስለስ ይላል፣ ካልሆነም ቆራርጣችሁ እርጎ ላይ በትኑት።

የሚቆይበት ጊዜ የሚወሰነው በጨመራችሁት ውሃ ነው። ማር ውስጥ ባክቴሪያ የማያድገው ውሃው ትንሽ ስለሆነና ያለውንም ስኳሩ ስለሚይዘው ነው። ውሃ ወይም ወተት ባከላችሁ ቁጥር ይኼንን ጥበቃ ታሳሳላችሁ። ስለዚህ ፍሪጅ ውስጥ፣ አየር በማያስገባ ዕቃ፣ ለአንድ ሳምንት ያህል። ሙዝ ወይም ሌላ እርጥብ ፍራፍሬ ከገባበት 3 ቀን ባይበልጥ ይሻላል። ቤት ውስጥ ከአንድ ዓመት በታች ሕፃን ካለ ማር ያለበትን ባር ጭራሽ አታቅምሱት፣ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ለእንግዳ ስትሰጡም የለውዝ አለርጂ እንዳለበት ቀድማችሁ ጠይቁ። አለርጂ ላለበት ሰው የሱፍ ወይም የሰሊጥ ቅቤ በለውዙ ምትክ ይገባል፣ ጣዕሙ ትንሽ መረር ይላል እንጂ አሠራሩ አይለወጥም። ሰሊጥም ራሱ አለርጂ የሚሆንበት ሰው ስላለ ግን እሱንም ጠይቁ።

ብዙ ለምትሠሩ ፍሪዘር ነው መፍትሔው። እያንዳንዱን ለየብቻ በወረቀት ጠቅልላችሁ አስገቡት፣ ካልተጠቀለሉ ይጣበቃሉ። ሁለት ወር ያህል ጣዕሙ ሳይለወጥ ይቆያል። ማታ አውጥታችሁ ፍሪጅ ውስጥ ብታሳድሩት ጠዋት ለመብላት ዝግጁ ነው። ከላይ ቸኮሌት ማፍሰስ የምትፈልጉ ደግሞ ጥቁሩን ምረጡ፣ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት፣ እና ሳይደርቅ በፊት መቁረጫውን መስመር በቢላ ምልክት አድርጉበት፣ ከደረቀ በኋላ ሲቆረጥ ይሰነጣጠቃል።